ሊማሊሞ ላይ ይሉኝታ የለም

ባለፈው የልጄን ሱቅ ደፍ ስረግጥ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። የጽድ እንጨት ብናኝ ነው ብላችሁ እንዳትጨርሱት፤ እሱማ ደስ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል። ከእሱ ሥር ሌላ ነበር፤ የጋለ ብረት፣ የጋለ ዘይት፣ ትንሽ ደግሞ አፍንጫ የሚያቃጥል ነገር። ሰባውን ካለፍኩ ወዲህ ቁርሴን ምን እንደበላሁ እየረሳሁ እውላለሁ፤ ያንን ሽታ ግን አፍንጫዬ ወዲያው አወቀው። የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ሊማሊሞን ቁልቁል የወረደ ከባድ መኪና ታች ዛሪማ ሲደርስ እንዲህ ነበር የሚሸተው። በሩ ላይ ከዘራዬን ተደግፌ ቆምኩ። ልጄ እናኑ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «አባዬ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ዛሪማ ደርሼ መጣሁ» አልኳት። ሳቀችና ወንበር አቀረበችልኝ። ማሽኑ ከፊቴ ዝርርር ይልና ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። እኔ ግን ከዚያ ወንበር ላይ ተነስቼ ሄጃለሁ፤ በሐሳብ ማለቴ ነው።

አይ ጊዜ! ያን ጊዜ ደባርቅ እንደዛሬው አልተለጠጠችም። ያለቻት አንዲት መንገድ ነች፤ ከዳባት ትመጣለች፣ ከተማዋን ለሁለት ትከፍላለች፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ትጠልቃለች። ትልልቆቹ መኪኖች የሚያድሩት ከገበያው ራስጌ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። አሁን ባለ ፎቅ ሆቴል ቆሞበታል፤ ተራራ ሊወጡ የሚመጡ ፈረንጆች ያድሩበታል። ያኔ ግን በሜዳው ጥግ የእማማ ጠጄ ሻይ ቤት ነበረች። ዝናብ ቆርቆሮዋን ሲመታው የሰው ወሬ አያሰማም፤ ሰው ሁሉ በእጅ ምልክት ነው ሻይ የሚያዝዘው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ዳቦ አሥር ሳንቲም። ስሙኒ የያዘ ሰው በልቶ ጠጥቶ ይተርፈዋል። መደርደሪያዋ ላይ ባትሪው የደከመ ራዲዮ ነበር፤ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁ እየተጎተተ ይዘፍናል፣ እኛም እሱኑ ለምደን ዘፈኑን ስናንጎራጉር እንዲያው እየጎተትን ነበር። ዛሬ ስልኩን ከፍቶ የፈለገውን የሚሰማ ልጅ ይህን ብነግረው አያምነኝም።

አለባበሳችንን ብታዩ! ሾፌር የሆነ ሰው የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፣ ከውስጡ ባለ ኮሌታ ሹራብ፣ ጫማው ይብለጨለጫል። እኛ ረዳቶች ደግሞ ድሮ ምን ቀለም እንደነበረው እግዜር ብቻ የሚያውቀው ቱታ፣ እግራችን ላይ በረባሶ፣ ከላይ ከወታደር የተገዛ ካፖርት። የካፖርቱ ጫፍ መሬት ይጠርጋል፤ ነገር ግን የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ሰው አይስቅብንም። እጃችን ምንጊዜም ግሪስ ነው። ለሠርግ ስንጠራ ጥፍራችንን በናፍጣ አጥበን ነበር የምንሄደው። ሴቶቹ ከሩቅ በጠረናችን ያውቁናል፤ «ናፍጣ መጣ!» ይሉናል። የእናኑ እናት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ መጀመሪያ የጠራችኝ እንዲያ ብላ ነው። ከዚያም በኋላ ስትናደድ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ረዳት የሆንኩት ለጋሽ ተገኘ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ መሪ ሲይዙ ግን ያንጎራጉራሉ። ግጥሙን ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት፦

ቁልቁለቱን ወርጄ ዛሪማ ባድርም፣
ልቤ ደባርቅ ቀርቷል አብሮኝ አይወርድም።

ደባርቅ የቀረችው ማን እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም። ጋሽ ተገኘን ማን ደፍሮ ይጠይቃል! በእኛ አገር ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሳል፣ አንቱ ይባላል፣ ሲናገር አይቋረጥም፤ ቢሳሳት እንኳ «እንደሱም ይባላል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ አባቴን ቀና ብዬ አይቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። እንዲህ ሆኜ ያደግኩት ሰውዬ ነኝ እንግዲህ ሊማሊሞ ላይ ጋሽ ተገኘን ቁም ማለት የተጣለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊማሊሞን አሁን ያያችሁት መንገዱ ተሻሽሎ ነው። ያኔ ጠጠር ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃ። ኩርባው አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ እርከን ነው፤ ረጅም መኪና በአንድ ጊዜ ዞሮ አይጨርሰውም። ወደፊት ሄዶ አፍንጫውን ከተራራው ያስጠጋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ ማለት ነው፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ወደፊት። ወደ ኋላ ሲመለስ ሾፌሩ የኋላ ጎማውን አያየውም። የሚያየው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ጎማ ሥር የሚወተፈውን ታኮ በእጁ ይዞ ከኋላ ይቆምና «ና! ና! ትንሽ ና! ስበረው! ቁም!» እያለ ይጮኻል። ጋሽ ተገኘ የመጀመሪያው ቀን ኩርባው አፍ ላይ መኪናውን አቁመው እንዲህ አሉኝ፦ «አለልኝ፣ መሪው በእጄ ነው፤ ጎማው ግን በእጄ አይደለም። እኔ አንድ ክንድ መለስኩት ብዬ አስባለሁ፤ ጭቃው ሁለት ክንድ ወስዶት ይሆናል፣ ወይም ድንጋይ ይዞት ጭራሽ አልተነቃነቀ ይሆናል። ያሰብኩትን እኔ አውቃለሁ፤ የሆነውን ንገረኝ አንተ። ደባርቅ ስንደርስ እጅ ትነሳኛለህ። እዚህ ግን ጩኽብኝ። ሊማሊሞ ላይ ይሉኝታ የለም።»

ይህ የእሳቸው ብቻ ሕግ አልነበረም፤ የሾፌሮቹ ሁሉ ነበር። ኩርባው ላይ ረዳት ያዝዛል፣ ሾፌር ይታዘዛል። ዳገቱ አልቆ ደባርቅ ሲገባ ረዳቱ ወርዶ ሾፌሩን እጅ ይነሳል፤ እንደማለት ነው፣ ላልኩት ሁሉ ይቅር በለኝ። ሾፌሩ ደግሞ እማማ ጠጄ ቤት ሲገባ ሻዩን መጀመሪያ ለረዳቱ ነው የሚያዝዘው፤ «የዚህ ሰው ጉሮሮ ይርጠብ» ይላል። እንዲህ ያለ ልማድ ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ እስክለምደው ድረስ ቁም ባልኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግል ነበር።

አንድ ክረምት ከዛሪማ ወደ ላይ ስንወጣ ክንፈ የሚባል ወጣት ዲያቆን አዲአርቃይ ላይ ተሳፍሮ ጋቢና ውስጥ ከእኛ ጋር ነበር። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። መሃል ዳገት ላይ ከመኪናው ስወርድ ድንጋይ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። መቆም አቃተኝ። ጋሽ ተገኘ ደግፈው ጋቢና አስገቡኝና ዲያቆኑን «ወንድሜ፣ ቀጣዩ ኩርባ ላይ ከኋላ ቁምልኝ። ጎማው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቁም በለኝ፤ ሌላ አያስፈልግም» አሉት። ክንፈ ታኮውን እንደ ወንጌል በሁለት እጁ ተቀብሎ ወረደ።

ጋሽ ተገኘ መኪናውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ለቀቁት። ከኋላ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ ድምፅ። «ጌታዬ፣ እንደ በጎ ፈቃድዎ ይሁንና፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ…» ጋሽ ተገኘ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ቁም አልተባሉም፤ መኪናው ይሄዳል። «…እኔ ታናሽዎ ይህን ማለቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ እንደው ካላስቸገርኩዎ…» ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ቁም ሊል ነው፤ ግን ገና መግቢያው ላይ ነው! በተቀመጥኩበት «ቁም! ቁም! ቁም!» ብዬ አበድኩ። ፍሬኑ አንቋረረ፣ መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ ከኋላችን ድንጋይ ወደ ታች መንከባለል ጀመረ። መሬት እስኪደርስ ብዙ ቆየ። «…ቢቆሙልኝ» አለ ክንፈ፣ ንግግሩን ሲጨርስ።

ወርጄ በአንድ እግሬ እያነከስኩ አየሁት። የኋላው ጎማ ግማሹ አየር ላይ ነው። ጋሽ ተገኘ ከመንገዱ ዳር ከሚፈሰው ውኃ በእጃቸው ጨልፈው ፊታቸውን ታጠቡ። ይመቱታል ብዬ ነበር። አልመቱትም፤ ትከሻውን ይዘው «ልጄ፣ አክብሮትህን እወድልሃለሁ። ግን አክብሮትህ ተናግሮ እስኪጨርስ እኛ ታች ነን» አሉት። ከዚያ በኋላ ባለው ኩርባ ሁሉ ክንፈ ቁም ማለትን ተማረ። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጮኸው። «ኧረ ዓይንህን ግለጥ! ሳታይ ምኑን ነው የምታቆመው!» እያልኩ እኔ በመስኮት እጮኻለሁ። ደባርቅ ስንገባ ድምፁ ጨርሶ ተዘግቷል። የጋሽ ተገኘን ጉልበት ሳመና ቆመ፤ እማማ ጠጄ ሻዩን መጀመሪያ ለእሱ ሰጡት። እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ የሳቅኩ አይመስለኝም። ጋሽ ተገኘ ካረፉ ቆዩ። እኔም ሾፌር ሆኜ በዚያው መንገድ አረጀሁ፤ ዓይኔ ሲደክም ቁልፉን አስረከብኩ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የእናኑ ማሽን ነው። ልጄ ተምራ፣ መካኒክስ ይሁን ምን ይሁን ስሙን ትጥራው፣ ተመልሳ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ተከራየች። ማሽኑ ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ሥዕል እንጨት ላይ ይቀርጻል። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የመስኮት ፍሬም። ቢላዋውን በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚገፉት ሞተሮች ናቸው። «ይሄ ስቴፐር ሞተር ይባላል» ብላ አሳየችኝ። እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ እየቆጠረ የሚራመድ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ያህል እርምጃ ሂድ ይለዋል፣ ይሄዳል። የአንዷ እርምጃ ስፋት ከፀጉር ይቀጥናል።

«ሲደርስ ደርሻለሁ ይላል?» አልኳት።

«ይሄ አይልም። ደርሷል ተብሎ ይታሰብለታል።»

«እንጨቱ ጠንክሮ ቢይዘውስ?»

«እርምጃ ይስታል። እሱም አያውቅ፣ ኮምፒውተሩም አያውቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ተገፍቶ ይቀረጻል።»

«ወይ ጉድ! ይሄማ ረዳት የሌለው ሾፌር ነው» አልኳት። የምን ረዳት እንደማወራ አልገባትም፤ እኔም ያን ቀን አልነገርኳትም፣ ሥራ ላይ ነበረች።

በዚያ ሞተር ነው ጉዱ የመጣው። ለአንዲት ሙሽራ የአልጋ ራስጌ በሁለት ክፋይ ቀረጸችላት። አንዱ ክፋይ ላይ ሞተሩ እርምጃ ስቷል፤ ለየብቻቸው ሲያዩዋቸው አይታወቅም፣ ሙሽሮቹ ቤት ወስደው ሲገጥሟቸው ግን የአበባው ግንድ ከግንዱ አልገናኝ አለ። ታዲያ መጥተው ነገሯት? የት ተደርጎ! መንገድ ላይ ሲያገኟት «እጅሽ ይባረክ፣ እግዜር ይስጥልን» ነው። በእኛ አገር የሰው ሥራ ፊት ለፊት አይነቀፍም፤ ነውር ነው። ከጀርባ ግን «የእናኑ ማሽን ይጠጣል» ተባለ። ደንበኛ ቀስ በቀስ ቀረ። ሰላምታው እንዳለ ነው፣ ምርቃቱ እንዳለ ነው፣ ሥራው ብቻ የለም። ልጄ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ትውላለች። እውነቱን የሰማችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ የተሳፈረ አንድ እህል ነጋዴ፣ ማን መሆኗን ሳያውቅ፣ ሰካራሙን ማሽን እንደ ቀልድ አወራላት። ሰዉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች።

አዲስ አበባ ያሉ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ነይ፣ ሥራ አለ ይሏታል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ብሳሳት አላፍርም። ስሳሳት የማይነግሩኝ ሰዎች መሃል ግን እንዴት ነው የምሠራው?» አለችኝ። ያላትን አሟጣ አዳዲስ ሞተሮች አስመጣች፤ ኢንኮደር የሚባል ነገር ጭራቸው ላይ ያለባቸው። ክብ፣ ትንሽ ነገር ነች። የሞተሩ ዘንግ በእውነት ምን ያህል እንደዞረ ታያለች፣ ያየችውን ትናገራለች። መቆጣጠሪያው የታዘዘውንና የሆነውን ያስተያያል፤ ትንሽ ከጎደለ ያስሞላዋል፣ ብዙ ከጎደለ ሁሉን አቁሞ ይጮኻል። ይህን ስሰማ በውስጤ ጋሽ ተገኘን ጠራኋቸው። «አሁን አንድ ሥራ እሞክራለሁ፤ እሱ ከተበላሸ ሱቁን እዘጋለሁ» አለች እናኑ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ያለው የሰው ድምፅ የእሷ ብቻ ነው። እንዳትሄድብኝ ፈራሁ፤ አልደብቃችሁም፣ እንደ ሕፃን ፈራሁ።

ያ አንድ ሥራ የቤተ ክርስቲያናችን በር ነበር። አሮጌው በር በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ተሰነጣጥቋል። ግቢው ውስጥ የነበረውን ትልቁን ጽድ ነፋስ ጥሎት፣ ተሰንጥቆ ጥላ ሥር ሲደርቅ ዓመታት ቆይቶ ነበር። ደኅና ሆኖ የወጣው ሁለት ሳንቃ ብቻ ነው፤ ለሁለቱ መዝጊያ። ሌላ የለም፤ እንዲያ ያለ ጽድ ዛሬ ከየት ይመጣል? የደብሩ አለቃ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ያ ዲያቆን ክንፈ! ዛሬ የኔታ ክንፈ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው እንደዱሮው ለስላሳ። የደብሩ ሽማግሌዎች «በር በማሽን?» ብለው ሲያመነቱ የኔታ «ይሁን፣ እግዚአብሔር ይርዳት» አሉ። ሁሉም ተስማማ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የኔታን አውቃቸዋለሁ እኮ። ሰው ማሳፈር ስለማይወዱ ስንቱን ይሁን ብለዋል! ከልባቸው ይሁን አሉ ወይስ ለእኔ ብለው? ይህን ደግሞ ማን ይጠይቃቸዋል።

ሥራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ከእናኑ ጋር የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ሙሉጌታ ይባላል፤ ጎበዝ፣ ሚስቱንም ልጆቹንም የሚወድ ሰው። ሽቦውን ሲያስተካክል ቆየና «እናኑ፣ አንድ ነገር ልበልሽ» አላት። «ነገ ሽማግሌዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ። ይሄ ነገር እፊታቸው ቆሞ ቢጮህብን ውርደት ነው። የስሕተት ገደቡን ትንሽ ሰፋ እናድርገው፤ ቢጎድልም ዝም ብሎ ይሂድ። ነገ ብቻ።» እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልቤ ከሙሉጌታ ጋር ሆነ። በየኔታ ፊት፣ በሀገር ፊት ማሽኗ ሲጮህ ታየኝ። አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ። «እንዲጮህ ነው የገዛሁት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሙሉጌታ ራሱን አከከና ወደ ሽቦው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። አግዳሚ ወንበር አወጣንላቸው። የኔታ መሃል ተቀመጡ፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ማሽኑ ተነሳ። ቢላዋው እየተሽከረከረ በጽዱ ላይ ሲሄድ ያ ሽታ ሱቁን ሞላው፤ አንዱ ሽማግሌ በረጅሙ ተንፍሰው «እፎይ፣ መቅደስ የገባን መሰለኝ» አሉ። ሐረጉ ከዳር ጀምሮ እየተጠማዘዘ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እያለፈ፣ ወደ መሃሉ መስቀል ይመጣል። አንድ መዝጊያ አልቆ ሁለተኛው ተጫነ። ሁሉም ሰው ተመችቶታል። ሙሉጌታ እንኳ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

መስቀሉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ቀይ መብራት በራና ጲጲጲ! ብሎ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ፤ ውሻ የነከሰው ነው የሚመስለው። ሙሉጌታ ላብ በላብ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እሰይ፣ ደግ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ሲለፋ ቆይቶ፣ ትንሽ ይረፍ እንጂ» አሉ። ሌላው «እውነት ነው፣ ብረትም ይደክመዋል» ብለው አገዟቸው። እንዲህ ነን እኛ። እኔ ከዘራዬን ጨብጬ ወለሉን አያለሁ። ልጄ ሄደችብኝ፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

እናኑ ግን አልደነገጠችም፤ ወይም ደንግጣ ከሆነ አላስታወቀችም። ጩኸቱን አጠፋችና የማሽኑን ክዳን ከፈተች። የጽዱ ሙጫ ከብናኙ ጋር ተቦክቶ ሞተሩ የሚያዞረው ረጅም ብሎን ላይ ተለጥፏል። ሞተሩ ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ አቅቶታል። «ቅርጹ አልተሳተም» አለች፣ እንጨቱን በጣቷ እየዳሰሰች። «ከመሳቱ በፊት ነው የቆመው።» ሙጫውን በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ስትጠርግ የኔታ ክንፈ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቀስ ብለው መጥተው ከጎኗ ቆሙ። ዓይናቸው እንጨቱ ላይ ሳይሆን ሥዕሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ሲጮህ ምን ማለቱ ነው?» አሏት።

«ሂድ ከተባልኩበት አልደረስኩም ማለቱ ነው፣ የኔታ።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አዎ፣ የኔታ። እሱ ሰው አይቆጥርም።»

የኔታ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ፣ ገና ያልተቀረጸው መስቀል ጋ አሳረፉ። «እንግዲያስ እኔም ልናገር። በመጀመሪያው መዝጊያ ደኅና ነበር፤ እዚህ ጋ ግን ተሳስተሻል። ይህች ሐረግ አንዴ ከላይ ካለፈች ቀጥላ ከታች መግባት አለባት። አንቺ ሁለት ጊዜ ከላይ አሳለፍሻት። እንዲህ ሆኖ መስቀሉ አይታሰርም፤ የሚያውቅ ሰው በሩን ባየ ቁጥር ያዝናል።» ሽማግሌዎቹ «ምነው የኔታ!» ብለው ተንጫጩ። የኔታ ዞር አላሉም። «ከጠዋት ጀምሮ አይቻታለሁ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ግዑዙ ያላፈረውን እኔ ምን አሳፈረኝ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ዓይናቸው በሳቅ ተሞልቶ፣ «አቶ አለልኝ፣ ዛሬም ሳልናገር ልፈጃችሁ ነበር» አሉኝ። ሳቄ ሲያመልጠኝ ሰዉ ሁሉ ያበድኩ መስሎት ዞሮ አየኝ።

እናኑ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው። ፊቷ ቀላ። «እውነትዎን ነው» አለች፤ ቁጭ ብላ አስተካከለችው። የኔታ ከኋላዋ ቆመው «ከታች፤ አዎ። አሁን ከላይ። ተይ፣ ተይ፣ እሱን መልሺው» ይሏታል፤ እንደዱሮው እግዚአብሔር ያክብርልኝ የለ፣ እንደ በጎ ፈቃድሽ የለ። ማሽኑ እንደገና ተነሳ፤ ከቆመበት፣ ከዚያችው ነጥብ። ያኔ ነው የልቤ ድንጋይ የወረደልኝ። የኔታ በሩን ከልባቸው ፈልገውታል ማለት ነው። ያልፈለጉት ቢሆን ኖሮ መርቀዋት ይሄዱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለቱን መዝጊያ ጎን ለጎን አጋጠሟቸው። የግራው ሐረግ ከቀኙ ሐረግ ጋር ተገናኝቶ አንድ ሆነ፤ በመካከሉ ምላጭ አይገባም። ሽማግሌዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ያን ቀን ማታ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እናኑ ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝ። ድካሙ ፊቷ ላይ አለ። አንድ ሁለቴ ጎረስን። «አባዬ፣ የኔታ ተሳስተሻል ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ደስ አለኝ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለችኝ። ስለ አዲስ አበባ አላነሳችም፤ እኔም ልጠይቃት ፈለግኩ። ትሄጃለሽ ወይ? ማለት አቃተኝ። በዚህ መሃል «ወጡስ? ደኅና ነው?» ብላ እንደልማዷ ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ የምላት አንድ ነገር ነው፤ ይጣፍጣል፣ እጅሽ ይባረክ። ቀና ብዬ አየኋት።

«ጨው በዝቶበታል» አልኳት።

ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ዛሬ?»

«ሁልጊዜ።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገችና ሳህኑን ወደ እሷ ሳበችው። «እንደሱ ከሆነማ የትም አልሄድም» አለችኝ። «ወጥ መሥራት እስክለምድ እዚሁ ነኝ።»